የአኒሜሽን ሶፍትዌር ስንለውጥ ምን ይዘን፣ ምን ትተን እንሂድ?



ባለፈው ወር የአኒሜሽን ክበባችን አባላት ‹‹ለምን ወደ ብሌንደር አንቀየርም?›› የሚል ጥያቄ አቅርባችሁ ነበር። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ግን ‹‹እንቀየር›› ወይም ‹‹አንቀየር›› በሚል አንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ዕትም እንደ አንድ ትምህርት አድርጌ ላቀርበው ወስኛለሁ። የክበቡ አባል ያልሆናችሁም ብታነቡት ትጠቀሙበታላችሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ በኮምፒውተር የሚሠራን ማንኛውንም ሥራ ይመለከታል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የጠፋው ሦስተኛ ክፍል

‹‹ቢጫዋ ጀሪካን›› የተባለውን ተከታታይ ፊልማችንን አብዛኞቻችሁ አይታችኋል። ውኃ ወረፋ ላይ ከባለቤቷ የጠፋች ጀሪካን ቤቷን ፍለጋ ከሰፈር ሰፈር ስትዞር ያሳያል። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ክፍል የሠራነው አንድ በጎ አድራጊ የአንድ ዓመት ክፍያ በከፈለበት ሶፍትዌር ነበር። ዓመቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ሶፍትዌሩ በተከፈተ ቁጥር የቀሩትን ቀናት የሚናገር ማሳሰቢያ ያወጣ ጀመር። ማሳሰቢያውን በየሳምንቱ አነብበው ነበር። ‹‹እስከዚያ ሦስተኛውን ክፍል እንጨርሳለን›› ብዬ ለእናንተ ሳልነግር ዝም አልኩ።

አልጨረስንም። አንድ ቅዳሜ ኮምፒውተሩን ስንከፍት ከስድስት መቶ በላይ ሥዕሎቻችን በዲስኩ ላይ በስማቸው ይታያሉ፣ ነገር ግን አንዱም አይከፈትም። ሥዕሎቹ የተቀመጡት ያ ሶፍትዌር ብቻ በሚያነበው ዓይነት ፋይል ነበርና። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ‹‹ቲቸር፣ ሥዕሎቻችን እዚያው ካሉ ለምን የእኛ አይሆኑም?›› ብላ ጠየቀችኝ። የዚያን ዕለት የምመልሰው አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ በከፊል ለእርሷ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእናንተ አልነበረም። ከጥፋቱ የተማርኩት ግን ለሁላችንም ይጠቅማል። ሶፍትዌር ለመለወጥ የሚያስገድድ ቀን ከመምጣቱ በፊት መለወጡን በራሳችን ጊዜና በራሳችን ዕቅድ ማድረግ አለብን።

2. በመጀመሪያ ችግሩን መለየት

ሥራው አልሳካ ሲል ሰው ሁሉ በቅድሚያ መሣሪያውን ይወቅሳል። ሆኖም ችግሩ ሁልጊዜ ሶፍትዌሩ አይደለም። ክበባችን ያጋጠሙትን ችግሮች እንመልከት።

ሀ) ጀሪካኗ ስትራመድ ትንቀጠቀጥ ነበር። ይህ የሶፍትዌር ችግር አይደለም፤ የልምምድ ችግር ነው። የአረማመድን ሥዕል ደጋግሞ በመሳል ይስተካከላል።

ለ) ድምፁ ያስተጋባል። ይህም የሶፍትዌር ችግር አይደለም። የምንቀዳው በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ነው። ብርድ ልብስ ዙሪያውን ሰቅለን፣ ዝናብ በሌለበት ሰዓት ስንቀዳ ተሻሽሏል።

ሐ) የልጅቷን ቀሚስ ቀለም ለመለወጥ እያንዳንዱን ሥዕል እንደገና መቀባት ነበረብን፤ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ይህ በእርግጥ የሶፍትዌር ችግር ነው።

መ) ኮምፒውተሩ በሥራ መሐል ይቆማል። ይህ በከፊል የሶፍትዌር፣ በከፊል ደግሞ የሥዕሎቻችን መጠን ችግር ነው።

ሠ) ፋይሉ አልከፈት አለ። ይህ የፈቃድና የፋይል ዓይነት ችግር ነው።

ስለዚህ አዲስ ሶፍትዌር የሚያቃልልልን ከአምስቱ ሦስቱን ብቻ ነው። ችግራችንን ለይተን ሳንጽፍ ብንለውጥ ኖሮ የድሮውን ችግር ወደ አዲሱ ይዘን በሄድን ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ያለ ምክንያት መለወጥም ራሱን የቻለ ዕዳ አለው፤ ሁሉም ሰው ቁልፎቹን እንደገና እስኪለምድ ድረስ ሥራ ይቆማል።

3. የሌሎች ሰዎች ልምድ

ሁለት ምሳሌዎችን እንውሰድ።

የመጀመሪያው ‹‹ሩቢ›› የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ነው። በ2013 በኢንተርኔት መታየት ጀመረ። ፈጣሪው ሞንቲ ኡም ‹‹ፖዘር›› በተባለ ሶፍትዌር ይሠራ ነበር። ፖዘር የባለ ሦስት ገጽታ ሰው ምስሎችን ለማቆምና ለማንቀሳቀስ የሚያገለግል እንጂ ትልልቅ የፊልም ድርጅቶች የሚመርጡት ዓይነት አልነበረም። ኡም ግን በእጁ የለመደው እርሱን ስለነበር በዚያው አስደናቂ የትግል ትዕይንቶችን ሠራበት። ኡም በየካቲት 2015 ዐረፈ። ባልደረቦቹ ሦስተኛውን ዙር በዚያው በፖዘር ከፈጸሙ በኋላ አራተኛውን ዙር በ2016 ሲጀምሩ ‹‹ማያ›› ወደተባለው ሶፍትዌር ተሻገሩ። የገጸ ባሕርያቱ መልክ በግልጽ ስለተለወጠ ተመልካቹም ለውጡን አስተውሏል። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ጊዜውን ነው። የተሻገሩት አንዱ ዙር አልቆ ሌላው ሲጀመር እንጂ በመሐል አልነበረም።

ሁለተኛው ምሳሌ ለጥያቄአችሁ መነሻ የሆነው ‹‹ፍሎው›› ነው። ይህ ተከታታይ ሳይሆን አንድ ሙሉ ፊልም ነው። አዘጋጁ ጊንትስ ዚልባሎዲስ የላትቪያ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ‹‹አዌይ›› የተባለውን ፊልም በማያ ብቻውን ሠርቶ በ2019 አጠናቅቋል። ያንን ከጨረሰ በኋላ ለሚቀጥለው ሥራው ወደ ብሌንደር ተዛወረ። በዚያው ዓመት የወጣው የብሌንደር 2.80 ዕትም ‹‹ኢቪ›› የተባለ ፈጣን የምስል ማውጫ ይዞ ነበር፤ ብርሃንና ጥላውን ብዙ ሳይጠብቅ ወዲያው ማየት ቻለ። ፍሎው በ2024 ወጣ፤ በመጋቢት 2025 ደግሞ በረዥም የአኒሜሽን ፊልም ዘርፍ ኦስካር ተሸለመ።

‹‹እንግዲያው ብሌንደር ኦስካር ያሸልማል›› ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ዚልባሎዲስ ብሌንደርን ከመክፈቱ በፊት አንድ ሙሉ ፊልም ለብቻው ሠርቷል። ፍሎው ላይ ደግሞ በላትቪያ፣ በፈረንሳይና በቤልጅየም ያሉ ባለሙያዎች አብረውት ሠርተዋል። ሶፍትዌሩ ያደረገው የሚያውቀውን ነገር በፍጥነት እንዲሠራ ማስቻል ነው። እርሱም ቢሆን የተዛወረው በሁለት ሥራዎች መካከል መሆኑን አስተውሉ።

4. ሥራው የማን ነው?

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ዋናው ቁም ነገር እንግባ። ‹‹የተሻለ›› ስንል በምን የተሻለ ማለታችን ነው? ብዙዎቻችሁ ቁልፉ የበዛውን የተሻለ አድርጋችሁ ታዩታላችሁ። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሥራችን ከሶፍትዌሩ ዕድሜ በኋላ መኖር አለመኖሩን ነው።

ፍላሽ የተባለውን ቴክኖሎጂ ውሰዱ። ከ2000 ዓመት ወዲህ ለብዙ ጊዜ በኢንተርኔት የሚታዩ አኒሜሽኖች በብዛት የሚሠሩት በእርሱ ነበር። ባለቤቱ አዶቢ የፍላሽ ማጫወቻን ድጋፍ በታኅሣሥ 31 ቀን 2020 አቋረጠ፤ ከጥር 12 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ ማጫወቻው የፍላሽ ሥራዎችን እንዳያሳይ ተዘጋ። ‹‹ሆምስታር ራነር››ን የመሳሰሉ የቆዩ ተከታታዮች ዛሬ በድረ ገጻቸው የሚታዩት ‹‹ራፍል›› የተባለ ነፃ ሶፍትዌር የፍላሽን ፋይል እንዲያነብ ሆኖ በመሠራቱ ነው። ተረካቢ ያላገኘ ሥራ ግን እንደ እኛ ሦስተኛ ክፍል ተዘግቶ ይቀራል።

የብሌንደር ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። የሆላንዱ ተወላጅ ቶን ሮዘንዳል ያቋቋመውና ብሌንደርን ያወጣ የነበረው ኩባንያ በ2002 ሲዘጋ ባለ ገንዘቦቹ ሶፍትዌሩን ለሕዝብ ለመልቀቅ 100,000 ዩሮ ጠየቁ። ተጠቃሚዎች ከየአገሩ አዋጥተው በሰባት ሳምንት ውስጥ ገንዘቡን ሞሉት፤ በጥቅምት 13 ቀን 2002 ብሌንደር ነፃና ክፍት ሶፍትዌር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያ ቢዘጋም፣ ባለቤት ቢለወጥም ማንም ሰው ቅጂውን የመጠቀም፣ የማባዛትና የማሻሻል መብቱ ተጠብቋል። በእርሱ የምትሠሩት ፊልም ደግሞ የእናንተው ነው።

ስለሆነም የመጀመሪያው መመዘኛችን ይህ ይሁን፦ ሶፍትዌሩ ያለ ክፍያና ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት፣ ሥዕላችንንም ሌሎች ሶፍትዌሮች ሁሉ በሚያነቡት ዓይነት የሚያወጣ መሆን አለበት። ለሥዕል ፒኤንጂ፣ ለድምፅ ዌቭ የተባሉት የፋይል ዓይነቶች በየትም ይነበባሉ።

5. የኮምፒውተራችን አቅም

ሁለተኛው መመዘኛ የሒሳብ ጉዳይ ነው። እርሳስና ወረቀት ያዙ።

ለዓይን እንቅስቃሴ መስሎ እንዲታይ በአንድ ሴኮንድ 24 ምስል ያልፋል። እያንዳንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ ብናሳይ በሴኮንድ 12 ሥዕል ይበቃናል። የሁለት ደቂቃ ፊልም 120 ሴኮንድ ነው፤ 120 በ12 ሲባዛ 1,440 ሥዕል ይሆናል። ስድስት ተማሪዎች በአንድ ቅዳሜ እያንዳንዳቸው 20 ሥዕል ቢሠሩ በቀን 120 ነው፤ ሥራው 12 ቅዳሜ ይፈጃል ማለት ነው።

አሁን ሚሞሪውን እናስላ። አንድ ምስል በወርድ 1,920፣ በቁመት 1,080 ነጥቦች ቢኖሩት ጠቅላላው 2,073,600 ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ስለሚይዝ አንዱ ሥዕል ወደ 8.3 ሚሊዮን ባይት ይፈልጋል። የ10 ሴኮንድ ትዕይንት፣ ማለትም 120 ሥዕል፣ አንድ ጊጋባይት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ኮምፒውተሮቻችን ያላቸው 4 ጊጋባይት ብቻ ሲሆን ከዚያም ላይ የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ሥርዓት ድርሻውን ይወስዳል። በሁለት ወይም በሦስት ንብርብር ከሳልን ኮምፒውተሩ መቆሙ አይቀርም። መጠኑን ወደ 1,280 በ720 ብናወርደው ግን አንዱ ሥዕል ወደ 3.7 ሚሊዮን ባይት ይወርዳል፤ ከግማሽ በታች ነው። በስልክ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ብዙም አይታይም፤ ፊልሙን ለመላክ የሚያስፈልገው የኢንተርኔት ጥቅልም ይቀንሳል።

6. በእጃችን ያሉ አማራጮች

ከዚህ በታች ያሉት ሁሉ ነፃና ክፍት ሶፍትዌሮች ናቸው።

ፔንስል 2ዲ፦ ቀላልና ጥቂት ቁልፎች ያሉት ነው። ለጀማሪና ለደካማ ኮምፒውተር ይስማማል። ረዥምና ብዙ ንብርብር ላለው ሥራ ግን ይጠባል።

ክሪታ፦ ከሁሉም ይልቅ ለመሳልና ለመቀባት የተመቸ ነው። ከ2016 ጀምሮ አኒሜሽንም ይሠራል። ነገር ግን ሥዕሎቹን በሚሞሪ ውስጥ ስለሚይዝ ከላይ ያሰላነው ሒሳብ በቀጥታ ይመለከተዋል። ለአጫጭር ትዕይንቶችና ለጀርባ ሥዕል እንጠቀምበት።

ኦፕንቱንዝ፦ በጣሊያን የተሠራው ቱንዝ የተባለው ሶፍትዌር ነፃ ቅጂ ነው። የጃፓኑ ስቱዲዮ ጂብሊ ቱንዝን ለብዙ ዓመታት ተጠቅሞበታል፤ በ2016 ለሕዝብ ተለቀቀ። በወረቀት ላይ የተሳለን ሥዕል አስገብቶ መስመሩን ለማጥራት የታሰበ በመሆኑ ለእኛ ይጠቅመናል፤ አንዱ ኮምፒውተሩን ሲይዝ ሌሎቹ በወረቀት ይስላሉ፣ በስልክ ያነሣሉ። ትልቁ ጥቅሙ ግን ቀለምን በቁጥር መያዙ ነው። ሥዕሎቹ በአንድ የቀለም ሰሌዳ ላይ ከተያያዙ በሰሌዳው ላይ ‹‹የቀሚስ ቀለም›› የሚለውን አንድ ጊዜ ብትለውጡ በሁሉም ሥዕል ላይ ይለወጣል። ሁለት ሳምንት የፈጀብን ሥራ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ጉድለቱ መጀመሪያ ላይ ያስፈራል፤ ሰንጠረዡን ለመልመድ ለእኔም አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

ሲንፊግ፦ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አቋቋም ስታሳዩት መሐከሉን ራሱ ያሟላል። ለሚንሳፈፍ ደመናና ለሚንከባለል ጎማ ጥሩ ነው።

ብሌንደር፦ ባለ ሦስት ገጽታም፣ በእጅ የሚሳልም አኒሜሽን ይሠራል። ከሁሉም ሰፊው እርሱ ነው። ነገር ግን አዳዲሶቹ ዕትሞች ቢያንስ 8 ጊጋባይት ሚሞሪና አሮጌ ያልሆነ የግራፊክስ ካርድ ይጠይቃሉ። የክፍላችን ኮምፒውተሮች ይህን አያሟሉም።

7. የአማርኛችን ጉዳይ

ሦስተኛው መመዘኛ በሌሎች አገሮች መማሪያ ውስጥ የማታገኙት ነው። ሶፍትዌሩ ፊደላችንን ይቀበላል? ርዕስ ከመጻፋችሁ በፊት ‹‹ጀሪካኗ›› የሚለውን ቃል ጽፋችሁ ሞክሩ። በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ካያችሁ እንደ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ነፃ የፊደል ቅርጽ ጫኑ። አሁንም እምቢ ካለ ርዕሱን በሌላ ሶፍትዌር ጽፋችሁ እንደ ሥዕል አስገቡት።

የአፍ እንቅስቃሴም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ ተዘጋጅተው የሚገኙት የአፍ ሥዕሎች ለእንግሊዝኛ የተሠሩ ናቸው። ለእኛ ግን ከልጅነታችን የምናውቀው የፊደል ገበታ ይመራናል። ካዕብና ሳብዕ ከንፈርን ያሾላሉ፤ ራብዕ አፍን ይከፍታል፤ ሣልስና ኃምስ ከንፈርን ወደ ጎን ይስባሉ፤ ግዕዝና ሳድስ በመካከል ናቸው። በዚህ ላይ ለ‹‹መ››፣ ለ‹‹በ››፣ ለ‹‹ጰ››ና ለ‹‹ፐ›› የተዘጋ ከንፈር፣ ለ‹‹ፈ›› ደግሞ የታችኛውን ከንፈር በጥርስ የነካ አፍ ጨምሩ። ስድስት የአፍ ሥዕል በቂ ነው። ‹‹ቡና›› ለማለት ዝግ፣ ሹል፣ ክፍት፤ ‹‹ማሞ›› ለማለት ዝግ፣ ክፍት፣ ዝግ፣ ሹል። እንግዲህ ሶፍትዌሩ የራሳችንን አፎች አስገብተን እንደፈለግን ለማፈራረቅ ይመቻል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ኦፕንቱንዝ ይመቻል።

8. እንዴት እንሻገር?

በመጀመሪያ የ10 ሴኮንድ ፈተና አድርጉ። ቀድሞ ከጨረሳችሁት ፊልም አንድ ትዕይንት መርጣችሁ በአዲሱ ሶፍትዌር ደግማችሁ ሥሩት። ስንት ሰዓት ፈጀ? ስንት ጊዜ ቆመ? ድምፁ ከአፉ ጋር ይገጥማል? በሌላ ኮምፒውተር ይከፈታል? መልሱን በደብተር ላይ ጻፉ። ፈተናውን ከአንድ ሰው በላይ ይሥራው፤ ለአንዱ የቀለለው ለሌላው ሊከብድ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ክፍሉ ሳያልቅ አትሻገሩ።

ሦስተኛ፣ ከመሻገራችሁ በፊት የቆየውን ሁሉ አውጡ። የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ሥዕል በፒኤንጂ፣ ድምፁን በዌቭ፣ የቀለማቱን ዝርዝር በወረቀት አስቀምጡ። ኦፕንቱንዝም ቢሆን የራሱ የፋይል ዓይነት ስላለው ይህን ልማድ አትተዉ። በየቅዳሜው ማታ በሁለት ፍላሽ ዲስክ እንገለብጣለን፤ አንዱ ትምህርት ቤት፣ ሌላው በአንድ አባል ቤት ያድራል።

አራተኛ፣ የድሮውን ሶፍትዌር ወዲያው አታጥፉ። አዲሱ አንድ ሙሉ ክፍል እስኪያስጨርሳችሁ ይቆይ።

9. ማጠቃለያ

አሁን ወደ ጥያቄአችሁ ልመለስ። ወደ ብሌንደር ዛሬ አንሻገርም፤ ኮምፒውተሮቻችን አይችሉትም፣ አራተኛው ክፍልም ገና በእጃችን ነው። እርሱ ሲያልቅ 8 ጊጋባይት ያለው ኮምፒውተር ማግኘት ከቻልን የ10 ሴኮንዱን ፈተና አብረን እናደርጋለን። ፈተናው ‹‹ተሻገሩ›› ካለን እኔ የለመድኩትን ይዤ አልከራከራችሁም።

ዩኒቨርሲቲ ጀምሬ ሳልጨርስ ወጥቻለሁ። ከዚያ ይዤ የወጣሁት ወረቀት የለም፤ በደብተሬ የጻፍኩትና በጭንቅላቴ የያዝኩት ግን አብሮኝ መጣ። እናንተም ከቤታችሁ ስትወጡ ሁሉን መያዝ እንዳልቻላችሁ አውቃለሁ። ሥዕላችሁ ግን አብሯችሁ መሄድ የሚችል ነገር ነው። ከዚህ ወደ ሌላ አገር የምትሄዱ፣ ወደ አገራችሁ የምትመለሱ፣ እዚሁ የምትቆዩም ትኖራላችሁ። የትም ብትሆኑ በየትኛውም ኮምፒውተር የሚከፈት አድርጋችሁ ያዙት።

ሦስተኛውን ክፍል ከወረቀት ንድፎቹ ተነሥተን እንደገና ሣልነው። ያቺ ተማሪ ራሷ የመጨረሻውን ትዕይንት ሠራች፤ ጀሪካኗ ከባለቤቷ ጋር የምትገናኝበትን። ፒኤንጂዎቹ በሁለቱም ፍላሽ ዲስኮች ላይ አሉ።

መልመጃ

1. በክበባችሁ ወይም በቤታችሁ የምትጠቀሙበትን አንድ ሶፍትዌር መርጣችሁ የሚያስቸግሯችሁን አምስት ነገሮች ጻፉ። ስንቶቹ በእርግጥ የሶፍትዌሩ ናቸው?

2. የ90 ሴኮንድ ፊልም በሴኮንድ 12 ሥዕል ቢሠራ ስንት ሥዕል ያስፈልገዋል? አራት ተማሪዎች በአንድ ቅዳሜ እያንዳንዳቸው 15 ሥዕል ቢሠሩ ስንት ቅዳሜ ይፈጃል?

3. የራሳችሁን ስም በመስታወት ፊት በዝግታ እየጠራችሁ የሚያስፈልጉትን የአፍ ሥዕሎች በቅደም ተከተል ሳሉ።

4. ካሏችሁ ፋይሎች መካከል በሌላ ኮምፒውተር የማይከፈት አለ? ካለ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስ ወደሚከፈት ዓይነት ለውጣችሁ አምጡ።